አራተኛዋ ተከራይ

ሦስት ሆነን በተከራየናት ክፍል አራተኛዋ ጥንቸላችን ነች። መጀመሪያ የበሩን ጠርዝ ከረተፈች፤ ዝም አልን። ቀጥላ የካውያውን ገመድ በጠሰች፤ ደግነቱ ከሶኬቱ ተነቅሎ ነበር። ከቤተ መጻሕፍት የተዋስነውን መጽሐፍ ስትጀምር ግን ትዕግሥታችን አለቀ። «በቃ፣ ትባረር!» ብለን ፈረድን።

ፍርዱ ሳይፈጸም ከመካከላችን አንዱ «ለመሆኑ ምን አብልተናታል?» ብሎ ጠየቀ። ፀጥ አልን። የዳቦ ፍርፋሪና ካሮት! ለካ የጥንቸል ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ማደጉን አያቆምም፤ የፊተኛው በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። የሚሞርደው ደግሞ ሣርና ድርቆሽ ሲታኘክ ነው። ይህን ነፍገናት ኖሯል በር በላች ብለን የከሰስናት።

አሁን ድርቆሽ ሌት ተቀን ከፊቷ አይጠፋም። ገመዶቹን አፏ ከማይደርስበት ሰቅለናል፤ የምትቦጫጭቀው ካርቶንም አላት። መቼም ልማድ ነውና አልፎ አልፎ ወደ በሩ ትሄዳለች። አንመታትም፤ አጨብጭበን ካርቶኑን እናቀርብላታለን።

ፍርዱን ሽረናል። የመጽሐፉን ዕዳ ግን ለሦስት ተካፍለን ከፈልን፤ ያለ ክርክር።