ታጁራን በመኪና፣ ታጁራን በእግር

ጥር 2017 ዓ.ም. ላይ እኔና ባለቤቴ ስድስት ቀን ጅቡቲ ነበርን። ለሥራ አይደለም፣ ለሕክምና አይደለም፣ ዘመድ ለመጠየቅም አይደለም። ባሕር ለማየት ነው የሄድነው። ይህን ስናገር እስካሁን ያሳፍረኛል። ለምን እንደሚያሳፍረኝ ልንገራችሁ።

ሁለታችንም የቦረና ልጆች ነን፤ የወሎው ቦረና፣ ማሻና መካነ ሰላም። ደገኛ ነን። ባለቤቴ የምታውቀው ትልቅ ውኃ አባይን ነው፤ እሱንም ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆና። ስንጋባ "አንድ ቀን ባሕር አሳይሻለሁ" ብያት ነበር። ልጅ መጣ፣ የቤት ኪራይ ጨመረ፣ ጦርነት መጣ፤ 11 ዓመት ሞላን። ባለፈው ዓመት ዕቁብ ሲደርሰኝ ሌላ ቀዳዳ ሳይውጠው ቪዛ አወጣንበት። ልጃችንን እናቴ ዘንድ ትተን ከለቡ በባቡር ተነሣን።

ጅቡቲ ከተማ ለሐበሻ ባዳ አይደለችም። የመሐል ከተማው አደባባይ በነጻነት ቀናቸው ቢሰየምም ምኒልክ ብሎ የሚጠራው አሁንም አለ። ሻይ የሚቀዳው፣ ፀጉር የሚሠራው፣ ሱቅ የሚጠብቀው አማርኛ ይሰማል። የየመን ዓሣ ቤት ገባን። ዓሣው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ቅመም ተቀብቶ፣ እሳት ውስጥ ገብቶ ከሰፊ ቂጣ ጋር ይመጣል፤ በእጅ ነው የሚበላው። ባለቤቴ ከባሕሩ በጣቷ ጠቅሳ ስትቀምስ "እውነትም ጨው ነው!" ብላ ጮኸች። በትምህርት ቤት የተማረችውን ያን ቀን አመነች።

በሦስተኛው ቀን መኪና ከነሾፌሩ ተከራየን። ሾፌራችን የአፋር ሰው ነው፤ ሎጊያ ሠርቶ ስለሚያውቅ አማርኛው ከእኔ አይተናነስም። ዕቅዳችን የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ዳር ዳሩን ይዘን ታጁራ ማደር፣ ከዚያ ኦቦክ ደርሶ መመለስ ነው። ማንም አያጣድፈንም። ደስ ባለን ቦታ እንቆማለን፣ ፎቶ እንነሣለን።

ከከተማው ስትወጡ መንገዱ የእኛው ነው፤ የኢትዮጵያ ታርጋ ያላቸው ከባድ መኪኖች አንዱ አንዱን ተከትለው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ወደ ታጁራ ስትገነጠሉ ግን ጸጥ ይላል። በአንድ ወገን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በሌላው ወገን ሰማያዊ ውኃ። አሰል ሐይቅ ወረድን። ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ገደማ ነው፤ በአፍሪካ ከዚህ የሚዘቀዝቅ መሬት የለም። ዳሩ እንደ በረዶ የነጣ ጨው ነው። ከዚህ ጨው እየተጫነ በግመል ወደ ሸዋ ይወጣ እንደነበር ሾፌራችን ነገረን። ባለቤቴ ጨው ላይ ቆማ ሳቀች፣ ፎቶ አነሣኋት። ጥር ሆኖ ላባችን ይንጠባጠባል። "ጥሩ እንዲህ ከሆነ ሐምሌው ምን ሊሆን ነው?" አለች።

መንገድ ዳር ሁለት ሦስት እየሆኑ የሚሄዱ ሰዎች አልፈን ነበር። እረኞች መስለውን ነበር።

በማግስቱ ከታጁራ ወደ ኦቦክ ስንሄድ ግን አንድ ግራር ሥር አምስት ልጆች ተቀምጠው አየን። ነጠላ ጫማ፣ ቢጫ ጀሪካን፣ ፀሐይ ያቃጠለው ፊት። ባለቤቴ "አቁም" አለችው። ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ደነገጠች። የኛ አገር አነጋገር ነው። ሁለቱ ከከላላ፣ አንዱ ከወግዲ፤ ሴቶቹ ከሳይንት። ትልቁ 20 ዓመት ቢሆነው ነው። ባቲን አልፈው፣ አፋርን አቋርጠው፣ የቀረውን በእግራቸው ነው የመጡት። ከኦቦክ አጠገብ ፋንታሔሮ የሚባል ቦታ ሌሊት ጀልባ ይጠብቃቸዋል ተብለዋል።

"እትዬ፣ ኦቦክ ሩቅ ነው?" አለቻት አንደኛዋ።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። መኪናው ሰፊ ነው፣ ከኋላ ባዶ ነው። "እናድርሳቸው" አለችኝ። ሾፌሩ ከኔ ቀድሞ መለሰ፦ "ከጫንኩ መኪናዬ ይወረሳል፤ እናንተም ሰው አሻጋሪ ትባላላችሁ።" እውነቱን ሊሆን ይችላል። እኔን የሚያሳፍረኝ ግን እሱ ባይናገርም ኖሮ እምቢ ማለቴ አይቀርም ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ሾፌሩ ተቀበለኝ እንጂ።

የነበረንን ውኃና ብስኩት ሰጠናቸው። ጥቂት ፍራንክ ሰጠናቸው። ባለቤቴ ስልኳን አውጥታ "እናትሽ ጋ ልደውልልሽ?" አለቻት። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፦ "አይ እትዬ፣ ደሴ ነው ያለችው ብላ ነው የምታስበው።"

እስከ ኦቦክ አልተነጋገርንም። ኦቦክ ፈረንሳይ በ1862 እ.ኤ.አ. በውል የያዘችው፣ በዚህ ዳርቻ መጀመሪያ የረገጠችው ወደብ ነው። ዛሬ በአንድ በኩል ከየመን ጦርነት የሸሹ የመናውያን የሚኖሩበት መጠለያ አለ፤ በሌላ በኩል የኛ ልጆች ወደዚያችው የመን ለመሻገር ጀልባ ይጠብቃሉ። እነዚያ የሸሹትን እነዚህ ይናፍቁታል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. እዚያው ባሕር ላይ ቢያንስ 45 ሰው ከሞተ አራት ወር አልሞላም ነበር። ዓሣ አዘዝን፤ ሳንነካው ተነሣን።

አሁን ወደ ፖለቲካው ልምጣ።

ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ባሕር በር ያልተከራከርንበት ሳምንት የለም። እኔ ጥያቄው ተገቢ ነው ከሚሉት ነኝ። ከውጭ ንግዳችን 90 በመቶ በላይ የሚሆነው በአንድ ጎረቤት በኩል እያለፈ እንቅልፍ መተኛት አይቻልም። ነገር ግን በዚያ መንገድ አንድ ነገር አየሁ። ኮንቴይነራችን ውል አለው፣ መድን አለው፣ ቁጥር አለው፤ ዛሬ የት እንደ ደረሰ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው አለ። ከላላ የተወለደው ልጅ ግን ያንኑ በረሃ ሲያቋርጥ የት እንዳለ እናቱም አታውቅም።

የዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት እንደሚለው በ2024 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ60 ሺህ በላይ ሰው የመን ገብቷል፤ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ነው። ስለዚህ "ባሕር ደረስን ወይስ አልደረስንም" እያልን ስንከራከር የወሎ ገጠር ከደረሰ ቆይቷል። ቀበሌው ማን እንደ ሄደ ያውቃል፣ ደላላውንም ያውቃል። በሕጋዊው መንገድ ወደ ዓረብ አገር የሚላከው በአብዛኛው ለቤት ሥራ የምትፈለግ ሴት ናት፤ ወንዱ ልጅ የሚሰለፍበት መስኮት ጠባብ ነው። አካባቢው ላይ ደግሞ ጦርነት አለ፤ ሥራ ቢኖር እንኳ ወጥቶ መግባት አስጊ ነው። ወሰን ላይ የሚደረግ ፍተሻ ይህን አይነካውም። ቢያንስ ለወንዶቹም ውል ያለው መንገድ ይከፈት፤ ቢያንስ ልጁ የጠፋበት ወላጅ ወረዳው ላይ ስሙን የሚያስመዘግብበት፣ መልስ የሚጠብቅበት አንድ ጠረጴዛ ይኑር። ስም የሌለው መቃብር እዚያ ዳርቻ በዝቷል።

በፋሲካ፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን ደጋግመን አጣርተን፣ መካነ ሰላም ሄድን። ቡና ተፈልቶ ባለቤቴ ስልኳን እያዞረች ፎቶ ታሳያለች፦ ጨው ላይ የሳቀችበትን፣ እግሯን ውኃ ውስጥ የነከረችበትን። አክስቶቿ "እሰይ የኔ ልጅ፣ ዓለምሽን አየሽ!" ይሏታል። 17 ዓመት የሚሆነው የጎረቤት ልጅ ከኋላ ቆሞ ያያል። ሁሉም ሲበታተን ቀረበኝ።

"ጋሼ፣ ከታጁራ ኦቦክ ስንት ሰዓት ነው?"

"በመኪና አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው" አልኩት።

ዝም ብሎ ቆመ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ በእግር ስንት እንደሚሆን እያሰላ ነበር። ያኔ ነው እጁን ይዤ አጠገቤ ያስቀመጥኩት፣ ግራሩ ሥር ስላየናቸው ልጆችም እስኪመሽ የነገርኩት። ሐምሌ 27 ቀን በየመን አብያን ዳርቻ ጀልባ ሰጥሞ ከ60 በላይ ሰው ሞተ ሲባል መጀመሪያ የደወልኩት ለእናቱ ነው። ከብት እየጠበቀ ነው አለችኝ። ደሴ ነው ብትለኝ ኖሮ ምን እንደምል አላውቅም።

ቸር ያሰማን።