ስለ መኪና ክንድና ስለ ቤት ሸክም

ሰው በቤቱ ውስጥ ፈጥኖ የሚያስተውለው ከዓይኑ ፊት ያለውን ነው። የግድግዳው ቀለም ሲለቅ፥ የበሩ እጀታ ሲላላ፥ የመስኮቱ መስተዋት ሲሰነጠቅ ወዲያው ያየዋል፤ ቅር ይለዋል፤ ያሠራዋል። ከመሬት በታች ያለውን መሠረት ግን ቤቱ እስኪዘም ድረስ አያስታውሰውም። በመኪናም ዘንድ ነገሩ እንደዚሁ ነው። ባለቤቱ በየጠዋቱ ውጭዋን ያጥባታል፥ መስተዋትዋን ይወለውላል፤ ከሥር ሆኖ ጎማውን ከአካሏ ጋር አያይዞ የቤተ ሰቡን ሕይወት የሚሸከመውን ብረት ግን መኖሩንም አያውቅ ይሆናል። ስለዚህ ውድ አንባብያን፥ ሜካኒኮቻችን ብራቾ ብለው ስለሚጠሩት የመኪና ክፍል፥ አርጅቶ በተገኘ ጊዜም በግቢ ውስጥ እንዴት እንደሚለወጥ፥ ከዚህም ሥራ ስላገኘሁት ትምህርት ጥቂት ላወጋችሁ አስቤአለሁ።

ብራቾ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ክንድ ማለት ነው። ስሙም ለግብሩ የተስማማ ነው። በውስጠኛው ጫፉ ከመኪናው አካል ጋር በሁለት ቦታ ይያያዛል፤ በእነዚህም ቦታዎች ቦኮላ የሚባሉ፥ በብረት ቀለበት ውስጥ የተጣበቁ ወፍራም ጎማዎች አሉ። በውጭኛው ጫፉ ደግሞ እንደ ሰው ትከሻ አጥንት በየአቅጣጫው በሚዞር፥ ቦል ጆይንት በሚባል መጋጠሚያ የጎማውን ተሸካሚ ይይዛል። ሥራውም ጎማው ከመንገዱ ጋር ወደ ላይና ወደ ታች እንዲመላለስ መፍቀድ፥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን እንዳይሸሽ ግን አጥብቆ መያዝ ነው። በብዙዎቹ ትንንሽ የቤት መኪናዎች በእያንዳንዱ የፊት ጎማ በኩል አንድ የታች ብራቾ ብቻ ይገኛል፤ የላይኛውን ሥራ ሞላውና አሞርዛተሩ በአንድነት ሆነው ይፈጽሙታል። ይህ አሠራር የሚጠራው ኤርል ማክፈርሰን በተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ስም ነው። የእንግሊዝ አገር ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1950 ለሕዝብ ባሳያቸው ኮንሱልና ዜፊር በተባሉት መኪናዎች ላይ ገብቶ፥ ከዚያ ወዲህ በዓለም ሁሉ ተስፋፍቷል። አሠራሩ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ያ አንድ ክንድ ቢላቀቅ በቦታው የሚተካ ሌላ ክንድ የለም።

ጎማ ዕድሜ አለው። በፀሐይና በብርድ ይደርቃል፤ ከሞተር የሚንጠባጠብ ዘይት ሲነካው ይለሰልሳል፤ ጕድጓድና የኮብልስቶን መንገድ በየቀኑ ይቀጠቅጠዋል። መጀመሪያ ይሰነጠቃል፥ ቀጥሎም ከብረቱ ይላቀቃል። በዚያን ጊዜ መኪናዋ ሥርዋ እየተንኳኳ ትጮኻለች፤ ፍሬን ሲያዝ መሪው ወደ አንድ ወገን ይስባል፤ በቀጥታ መንገድ ላይ እንኳ መሪውን ደጋግሞ ማረም ግድ ይሆናል፤ የፊት ጎማዎችም በአንድ ጠርዛቸው ብቻ ይበላሉ። ቦል ጆይንቱ ሲያረጅ ግን ነገሩ ከዚህ ይከፋል፤ ከጕድጓዱ የወጣ እንደሆነ ጎማው ወደ ጎን ይተኛል፥ መኪናዋም በዚያ በኩል መሬት ላይ ትወድቃለች። ይህ በደጃፍ ቢሆን ኪሣራ ነው፤ በቁልቁለት ላይ ቢሆን ግን ሌላ ነው።

የዚህ ነገር ክብደት በልቤ የታተመው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ታላቅ ወንድሜ ባረፈ ጊዜ ለባለቤቱና ለሦስት ልጆቹ ከተወላቸው ንብረት አንዱ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ነበረ። የበኵር ልጁ በ19 ዓመቱ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ እናቱን ወደ ሥራዋ፥ ሁለቱን ታናናሽ እኅቶቹን ወደ ትምህርት ቤት ያደርስ ጀመር። አንድ ቀን ማታ እኔን ወደ ቤቴ ሲሸኘኝ ከግራው የፊት ጎማ በኩል ደረቅ የሆነ ድምፅ ሰማሁ። በወጣትነቴ ስድስት ዓመት በጋራዥ ሠርቼአለሁና ያ ድምፅ ምን እንደሆነ ለማወቅ አልተቸገርሁም።

«ልጄ፥ ይህ ድምፅ ከመቼ ወዲህ ነው?» አልሁት።

«ቆይቷል፥ አጎቴ። አንድ ጋራዥ አሳይቼ ነበር፤ የጠየቁኝ ዋጋ ከአቅማችን በላይ ሆነብኝ። ለጊዜው ግን ችግር የለውም ብለውኛል። ለእናቴ አልነገርኋትም፤ ያለባት ሐሳብ ይበቃታል ብዬ ነው።»

በማግሥቱ ወደ ግቢያቸው ሄድሁ። መኪናዋን በክሪክ አንሥተን በብረት መደገፊያ ላይ ካስቀመጥን በኋላ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ እንዲወዘውዘው አደረግሁ፤ ጎማው እንደ ተነቃነቀ ጥርስ ወዲያና ወዲህ አለ። ቀጥሎ ጠንካራ የብረት ዘንግ በብራቾው ሥር አስገብቼ ከፍ ባደረግሁት ጊዜ ቦል ጆይንቱ በጕድጓዱ ውስጥ ሲዘል በዓይኑ አየ። የኋለኛው ቦኮላም ጎማ ከቀለበቱ ተቀዶ ነበር። ልጁ ብዙ ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም፥ «ትናንት ሁለቱን ልጆች ይዤ በቁልቁለቱ ወርጃለሁ» አለኝ። ሌላ ንግግር አላስፈለገንም። መኪናዋ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንድትቆም፥ ልጆቹም እስከ ቅዳሜ በታክሲ እንዲሄዱ ተስማማን። አበው ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ዕቃውን ለመግዛት ወደ መርካቶ ሄድን። በዚያ ገበያ አዲስም፥ ያገለገለም፥ አዲስ መስሎ የቀረበም አለ። ያገለገለ ብራቾ በዋጋው ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ቦኮላው ስንት ዓመት እንደ ሠራ የሚናገር ምስክር ስለሌለው እኛ አዲሱን መረጥን። የግራውና የቀኙ ክንድ በአንድ መንገድ ላይ እኩል ስለሚደክሙ ሁለቱንም ከነቦል ጆይንታቸው ገዛን። ሻጩ ፊት አሮጌውን ፎቶግራፍ ከአዲሱ ጋር አስተያየን፤ የግራና የቀኙ መልክ ተመሳስሎ ያሳስታልና። በቤት ለመሥራት በመወሰናችን የተረፈን የእጅ ዋጋ ለዕቃው ጥራት ዋለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ጀመርን። እንዲህ ያለ ሥራ ለመሥራት የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ይህን ይወቅ፤ መኪና በክሪክ ብቻ ተነሥታ ሳለ ማንም ሰው ከሥርዋ አይግባ። ብሎኬት ደርድሮ መደገፍም እንዲሁ ክልክል ነው፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ በድንገት ይፈረካከሳል። መሬቱ ሜዳና ጠንካራ ይሁን፤ የኋላ ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ የጎማው ዳዶዎች መኪናዋ መሬት ላይ ሳለች ጥቂት ይላሉ፤ ከዚያም ተነሥታ ሁለት የብረት መደገፊያዎች በአካሏ ጠንካራ ቦታ ይግቡ፤ በእጅም ተገፍታ አለመነቃነቅዋ ይረጋገጥ።

የወንድሜ ልጅ ዓርብ ማታ ቡሎኖቹን ሁሉ በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አጠጥቷቸው ስለ ነበር በጠዋት ያለ ብዙ ትግል ተፈቱልን። ጎማውን አወጣን። ቦል ጆይንቱን ከብራቾው ጋር የሚያያይዙትን አንድ ቡሎንና ሁለት ዳዶዎች ፈታን፤ ቀጥሎም ክንዱን ከአካሉ የሚይዙትን ቡሎኖች አንድ በአንድ እያወጣን፥ የወጣበትን ቦታ እንዳንረሳ በካርቶን ላይ በተርታ ሰካናቸው። በአንዳንድ መኪና በማርሽ ሳጥኑ በኩል ያለው ቡሎን ወጥቶ የማይጨርስበት ጊዜ አለ፤ በዚያን ጊዜ ሞተሩን የሚሸከመውን ብረት ዝቅ ማድረግ ስለሚያስፈልግ ሥራው ለግቢ የሚመች አይሆንም። ቦል ጆይንቱን ከጎማው ተሸካሚ ለማላቀቅ በዳዶው ቀዳዳ የተሰካውን የሽቦ ቁልፍ አውጥተን ዳዶውን ፈታን፤ ሾጣጣ ሆኖ ተጣብቆ ስለሚቀመጥም ለዚሁ የተሠራውን መጎተቻ ተጠቀምን። አዲሱን ስናስገባ የሽቦ ቁልፉን በአዲስ ለወጥነው፤ አንድ ጊዜ የታጠፈ ሽቦ ሁለተኛ አይታመንምና።

አዲሱ ክንድ በቦታው ገብቶ ቡሎኖቹ በእጅ በተያያዙ ጊዜ ልጁ መፍቻውን አንሥቶ ለማጥበቅ ቸኰለ። «ቆይ፤ የቦኮላውን ቡሎን አሁን አታጥብቀው» አልሁት።

«ለምን አጎቴ? ሁሉ ነገር በቦታው ነው።»

«ክንዱን ተመልከት። ጎማ ስለሌለው፥ ሸክምም ስለሌለበት ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ቦኮላው ጎማው በውስጥም በውጭም ከብረት ጋር የተጣበቀ ስለሆነ አይሽከረከርም፤ የሚጠመዘዘው ራሱ ጎማው ነው። አሁን እንደ ተንጠለጠለ ብታስረው፥ መኪናዋ ወደ መሬት ወርዳ ክብደትዋ ባረፈበት ጊዜ ጎማው ቆማ ሳለች እንኳ ተጠምዝዞ ይኖራል። ዕረፍት ስለማያገኝ ፈጥኖ ይቀደዳል። ቡሎኑ የሚጠብቀው ክንዱ የየዕለት ሸክሙን ተሸክሞ ሳለ ነው።»

ስለዚህ ክሪኩን በክንዱ ውጭኛ ጫፍ ሥር አግብተን፥ መኪናዋ ከመደገፊያዋ መነሣት እስክትጀምር ድረስ በዝግታ ከፍ አደረግነው። ክብደቱ በክንዱ ላይ ባረፈ ጊዜ የቦኮላዎቹን ቡሎኖች የጥብቀት ልክ በሚያሳየው መፍቻ ፋብሪካው ባዘዘው መጠን አጠበቅን። በቀኙም በኩል እንደዚሁ አደረግን። በመጨረሻ የጎማዎቹን ዳዶዎች መኪናዋን ካወረድን በኋላ በመስቀለኛ ተራ፥ ለኮሮላ በተሰጠው ልክ በ103 ኒውተን ሜትር አሰርን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፥ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተኬደ በኋላ ዳዶዎቹን ዳግመኛ መፈተሽ መልካም ልማድ ነው።

የልጁ እናት ቡና አፍልታ ወደ ጥላው ጠራችን። አሮጌው ብራቾ በእግራችን ሥር ተጋድሞ ስታየው፥ «ምን ሆኖ ነበር?» ብላ ጠየቀች። ልጁ ወደ እኔ ተመለከተ፤ እኔም ዝም አልሁ። ከዚያም እውነቱን ሁሉ ነገራት፤ ድምፁን ከሰማ ወራት እንደ ሆነው፥ ዋጋውን ጠይቆ እንደ ፈራ፥ እንዳያስጨንቃት ብሎ እንደ ሸሸጋት። እርስዋም ስኒውን አስቀምጣ፥ «ልጄ፥ እኔም እኮ ድምፁን እሰማው ነበር። አንተ በዚህ ዕድሜህ እንዳትሳቀቅ ብዬ ነው ዝም ያልሁት» አለችው። እናትና ልጅ በአንድ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፥ አንዱ ለሌላው ሲል የሰማውን እንዳልሰማ እየሆነ፥ ሁለቱ ሕፃናት ግን ከኋላ ተቀምጠው ስንት ቀን እንደ ተጓዙ ሳስብ ቡናው በጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ። ልጁም እጅዋን ይዞ ጥቂት ቈየ፤ ከዚያ ወዲያ የቤቱን ወጪ በየወሩ መጨረሻ አብረው ተቀምጠው እንዲያሰሉ በዚያው ተነጋገሩ።

ሰኞ ጠዋት መኪናዋን ጎማ ወደሚስተካከልበት ቤት ወሰድናት። ክንድ በተለወጠ ጊዜ የጎማው አቅጣጫ በጥቂቱም ቢሆን ስለሚዛባ፥ ይህ ሳይለካ ቢቀር አዲሱ ጎማ በአጭር ጊዜ ተበልቶ ያልቃል። ይህ ሥራ መሣሪያ ይጠይቃልና በዓይን ግምት አይሆንም። በቤት ውስጥ የሚሠራውንና ለባለሙያ የሚተወውን ለይቶ ማወቅ ራሱ አንድ ሙያ ነው። መደገፊያ የሌለው፥ የጥብቀቱን ልክ የሚያሳይ መፍቻ የማያገኝ፥ ወይም ከዚህ በፊት ቡሎን ፈትቶ የማያውቅ ሰው ከልምድ ካለው ጋር ሆኖ ይጀምር እንጂ ብቻውን አይድፈር። ገንዘብ ለመቆጠብ ሲሉ ሕይወትን ማስያዝ ቍጠባ አይደለም።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፥ መኪና ያላችሁ በወር አንድ ጊዜ መስተዋቱን ዘግታችሁ፥ ራዲዮኑን አጥፍታችሁ፥ በሸካራ መንገድ ላይ በዝግታ እየነዳችሁ አድምጡ። መኪና የሌላችሁም የምታደምጡት አታጡም። በየቤታችን ሁሉም የሚሰማው፥ ነገር ግን አንዱ ሌላውን ላለማሳዘን ሲል የማይናገረው ድምፅ ይኖራል፤ የዕዳ፥ የሕመም ወይም የአንድ ልጅ ዝምታ ሊሆን ይችላል። ርኅራኄ የወለደው ዝምታም ቢሆን የተቀደደውን አይጠግንም። ቤተ ሰብም እንደዚያ ቡሎን ነው፤ ሥርዓቱ የሚጠናው ሁሉ በተመቸበትና ሸክም በሌለበት ቀን በተገባ ቃል ሳይሆን፥ የየዕለቱ ክብደት በትከሻው ላይ እንዳለ፥ ማን ምን እንደ ተሸከመ እየተያዩ ሲነጋገሩ ነው። በዚህ ልክ የታሰረ ቤት በሸካራው መንገድም ላይ ይጸናል።