ሽንፈታቸውን በየዓመቱ የሚያስቡ ሰዎች

እኛ የአርበኞችን ቀን ሚያዝያ 27 ልናከብር ልክ አሥር ቀን ሲቀረን፣ ሚያዝያ 17 ጎህ ሳይቀድ፣ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ሰው ካፖርቱን ደርቦ ወደየከተማው ሐውልት ይጎርፋል። ጥሩምባ ይነፋል፣ ሁሉም ዝም ይላል፣ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል። የሚታሰቡት በ1907 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1915 መሆኑ ነው፣ ቱርክ ውስጥ በጋሊፖሊ ባሕረ ገብ መሬት ላይ የወረዱት ወታደሮች ናቸው። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ከትልልቅ በዓላቱ አንዱን በተሸነፈበት ዘመቻ የመጀመሪያ ቀን ላይ ያደረገ ስንት አገር ታውቃላችሁ? እኛ ለዓድዋ ነጋሪት እንጎስማለን። ማይጨው ላይ ላለቀው ሰው ግን ስንቶቻችን ነን መጋቢት 22ን አስታውሰን ነፍስ ይማር የምንል?

ታሪኩን በአጭሩ ላጫውታችሁ። እንግሊዝና ፈረንሳይ የዳርዳኔልስን ሰርጥ ሰብረው ኢስታንቡልን ሊይዙ፣ ኦቶማን ቱርኮችን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያስወጡ፣ ለሩሲያም መንገድ ሊከፍቱ አሰቡ። ነገሩን አጥብቆ የገፋው የያኔው የባሕር ኃይል ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል ነበር። መጋቢት 9 የጦር መርከቦቹ ሰተት ብለው ሲገቡ፣ ኑስረት የምትባል ትንሽ የቱርክ መርከብ ቀደም ብላ በሌሊት የዘራችው ፈንጂ ጠበቃቸው። ሦስት ግዙፍ መርከቦች ሰጠሙ። በባሕር እንቢ ካለ በእግረኛ ይሞከር ተባለና፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ ወታደሩ በጀልባ እየተጫነ ዳርቻው ላይ ተራገፈ። ከፊቱ ገደል፣ ከገደሉ አናት ጠመንጃውን የደገነ ጠላት። ከስምንት ወር በላይ እዚያው ዳርቻ ላይ ሲማገድ ከርሞ፣ በፈረንጆቹ 1916 እንደገባ የመጨረሻው ወታደር ለቅቆ ወጣ።

ከዘመቻው ሁሉ በደንብ የተሠራው ማፈግፈጉ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወታደሮቹ እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በሌሊት ሲሸሹ፣ ምሽጉ ውስጥ በራሳቸው የሚተኩሱ ጠመንጃዎች ትተው ነበር። ከላይ ከተቀመጠው ቆርቆሮ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ወደታችኛው ይወርዳል፤ የታችኛው ሲሞላና ሲከብድ ቃታውን ይስባል። ቱርኮቹ ተኩስ እየሰሙ ሰው አለ ሲሉ፣ ሰዎቹ መርከብ ላይ ናቸው። ይህን ያህል ብልሃት ለመግቢያው ቢታሰብ ኖሮ ያሰኛል።

አሁን ቁጥሩን እዩልኝ። አውስትራሊያ ከ8 ሺህ በላይ፣ ኒውዚላንድ ወደ 2 ሺህ 700 ልጆቿን አጥታለች። እንግሊዝስ? ከ30 ሺህ በላይ። ፈረንሳይ ወደ 10 ሺህ። አገሩን የጠበቀው የኦቶማን ጦር ደግሞ ከ80 ሺህ በላይ። ጋሊፖሊ ሲባል ግን የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ሰፊ ባርኔጣ ወዳደረገው አውስትራሊያዊ ነው። እንግሊዝ እዚያው ጋሊፖሊ፣ ሔለስ ላይ ከ20 ሺህ በላይ ስም የተቀረጸበት ሐውልት አላት፤ ነገር ግን በፈረንሳይ በሶም ውጊያ የደረሰባት ሐዘን ጋሊፖሊን ዋጠው። አውስትራሊያ በበኩሏ በ1901 የተመሠረተች ገና የ14 ዓመት አገር ነበረች፤ በራሷ ስም የገባችበት የመጀመሪያው ትልቅ ጦርነት ነው። የበኩር ሐዘን አይረሳም። መታሰቢያ በሟች ቁጥር አይታደልም የምለው ለዚህ ነው፤ የሚታወሰው ጠያቂ ያለው ሟች ነው።

ጠያቂ ያጡትን ልንገራችሁ። በዚያው ሚያዝያ 17፣ ከሰርጡ ማዶ፣ ኩምካሌ በተባለው የእስያ ዳርቻ ከፈረንሳይ ጦር ጋር ጥቁር አፍሪካውያን ወርደዋል። ‹የሴኔጋል ተኳሾች› ይባሉ እንጂ ከመላው የፈረንሳይ ምዕራብ አፍሪካ ግዛት የተለቀሙ ናቸው። ሴዱልባሂር በሚገኘው የፈረንሳይ መካነ መቃብር፣ ማንነታቸው ያልታወቀ የብዙ ሺህ ሰዎች አፅም በአራት የጋራ ማረፊያዎች ተከማችቷል። ለእነዚህ በሌሊት ተነስቶ ጥሩምባ የሚያስነፋ ከተማ አልሰማሁም።

ግንቦት ላይ ደግሞ አንድ እንግዳ ቀን ነበር። ኦቶማኖች በአንድ ሌሊት ማጥቃት ወደ 3 ሺህ ሰው ሞተባቸውና ሬሳው በሁለቱ ምሽጎች መካከል ተዘረረ። ሙቀቱ ሲበረታ ሽታው ማንንም አላስቀምጥ አለ። ግንቦት 16 ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ተኩስ ይቁም ተባለ። ትናንት ሲተላለቁ የነበሩት ሰዎች አካፋ ይዘው ወጡ፣ ጎን ለጎን ቆፈሩ፣ ሲጋራ ተቀባበሉ። ሰዓቱ ሲደርስ ወደየጉድጓዳቸው ገቡና ጦርነቱ ቀጠለ።

ወደ መቃብሩ እንምጣ፤ እኔን የሚይዘኝ እሱ ነው። አፈሩ የሚንሸራተት፣ አገሩም የመሬት መንቀጥቀጥ የሚጎበኘው ስለሆነ፣ የጋሊፖሊ የእንግሊዝ ግዛት ወታደሮች መቃብር እንደ ሌላው ቦታ ቀጥ ያለ ድንጋይ የለውም፤ ዝቅ ያለ፣ ዘመም ያለ ነው። ቤተሰብ ከድንጋዩ ግርጌ የፈለገውን ቃል እንዲያስቀርጽ ተፈቀደለት፤ ግን ክፍተቱም ተቆጥሮ ከ66 ፊደል እንዳይበልጥ። በእኛ ፊደል ቢሆን ደህና ቅኔ ይወጣው ነበር፤ በእነሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው። መጀመሪያ ላይ ደግሞ በፊደል ሦስት ተኩል ፔኒ ይጠየቅበት ነበር፤ በኋላ የቻለ ይክፈል ተባለ። ኒውዚላንድ ግን ነገሩን ከነአካቴው እምቢ አለች፤ ሁሉም ሟች እኩል ይታይ ብላ። ፍትሐዊ ነው፣ አልክድም። እኔ ግን የአንዲት እናት ቃል የሰፈረበትን ድንጋይ እመርጣለሁ።

ስለ እናት ካነሳን፣ ‹ብቸኛው ጥድ› በተባለው ኮረብታ ላይ በነሐሴ 1915 ከባድ ውጊያ ተደርጎ ነበር። ቱርኮች ጥዱን ቆርጠው ምሽጋቸውን ሸፍነውበታል። ወንድሙ እዚያ የወደቀበት አንድ አውስትራሊያዊ ወታደር ከቅርንጫፉ ፍሬ ለቅሞ ለእናታቸው ላከላት። እናትየዋ 13 ዓመት ያህል አስቀምጣው፣ በ1928 ዘሩን ተከለችው። ሁለት ችግኝ ወጣ። አንዱ በ1934 ካንቤራ የጦርነት መታሰቢያው ግቢ ውስጥ ተተከለ።

ቱርኮችም አልረሱም። እነሱ የሰማዕታትን ቀን የሚያከብሩት መርከቦቹ በሰጠሙበት ቀን፣ መጋቢት 9፣ በፈረንጆቹ ማርች 18 ነው። በ2022 በዚሁ ቀን በሰርጡ ላይ የመረቁት ድልድይ ስሙ ‹ቻናካሌ 1915› ነው፤ የምሰሶዎቹ ቁመት 318 ሜትር፣ የፈረንጆቹ ወርና ቀን፣ 3 እና 18፣ ተገጣጥሞ መሆኑ ነው። መሐንዲስም እንዲህ ይዘክራል።

እኛስ የት ነበርን? ልጅ ኢያሱ ዙፋኑ ላይ ነበሩ። የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጋሊፖሊ ላይ ተሸንፎ መመለስ ኦቶማኖችን በሩቅ አገር ሳይቀር አስከበራቸው፤ ኢያሱ ወደ እነሱ ማዘንበላቸው ከዚህ ጋር እንደሚያያዝ የታሪክ ጸሐፊዎች ያነሳሉ። በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ኢያሱ ከዙፋን መውረዳቸውን ታውቃላችሁ።

ሌላው ክር ደግሞ ዊሊያም ስሊም ነው። ነሐሴ 1915 ጋሊፖሊ ላይ ክፉኛ የቆሰለው ይህ ወጣት መኮንን፣ ከ25 ዓመት በኋላ የሕንድ ብርጌድ አዛዥ ሆኖ የእኛ ድንበር ላይ ብቅ አለ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ጣልያን የያዘውን የጋላባት ምሽግ አጠቃና ያዘ፤ ወሰኑን ተሻግሮ መተማን ግን ሳይይዝ ተመለሰ። ደፋሩን መንገድ ትቼ ስጋቴን ሰማሁ ሲል በኋላ ራሱን በጽሑፍ ወቅሷል። በፈረንጆቹ 1953 የአውስትራሊያ ጠቅላይ ገዥ ሆኖ ሲሾም፣ ጋሊፖሊን ያየ ሰው መጣልን ተብሎለታል።

በመተማ በኩል የምታልፉ ካላችሁ፣ አፄ ዮሐንስ የወደቁበትን የሚያወራችሁ ሰው አታጡም። እግረ መንገዳችሁን ስለ ጥቅምት 27ቱም ሟቾች ጠይቁልኝ።