የውሻ ዕድሜ በምን ይታወቃል?

ሰው የልደቱን ዘመን ከእናቱ አፍና ከክርስትናው ቀን ያውቃል፤ እንስሳ ግን ዕድሜውን የሚናገርለት ጌታው ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት በዚህ በሉማሜ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት አሮጊት እናት ባረፉ ጊዜ፥ «ማን ያውቃል» የሚባለው ውሻቸው ወደ ቤታችን ተጠጋ። አንዳንዶች «ያረጀ ነው፤ አባርሩት» ሲሉን፥ ሌሎች «ገና ጎረምሳ ነው» አሉን። እኛም አያያዙን እናውቅ ዘንድ ዕድሜውን መመርመር ግድ ሆነብን።

የአገራችን ገበሬ በሬ ሲገዛ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። የበሬ የፊት ጥርስ ከሁለት ዓመቱ ገደማ ጀምሮ እስከ አራትና አምስት ዓመቱ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ስለሚተካ፥ መልካም ምስክር ነው። ውሻ ግን ይቸኩላል። 28ቱ የወተት ጥርሶቹ ከአራት ወሩ ገደማ ጀምረው ይነቀሉና፥ በሰባት ወሩ 42ቱ ቋሚ ጥርሶች አፉን ይሞላሉ። ከዚያ ወዲያ የሚመሰክረው የጥርሱ ማለቅና ቢጫ መልበስ ነው፤ ይኸውም ቢሆን አጥንት የሚያዘወትር ውሻ ጥርሱ ፈጥኖ ስለሚያልቅ ያሳስታል። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪም የአፍንጫውን ዙሪያ ሽበትና ከስድስትና ከሰባት ዓመት በኋላ በዓይኑ ብሌን የሚታየውን ሰማያዊ ጉም አብሮ ይመለከታል። ሁሉም ተደምሮ ግምት እንጂ ቁርጥ ቀን አይሰጥም።

«የውሻ አንድ ዓመት የሰው ሰባት ነው» የሚለው አባባልም ልክ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 104 ላብራዶር ውሾችን መርምረው ባወጡት ጥናት፥ ውሻ በመጀመሪያው ዓመት እጅግ ፈጥኖ እንደሚጎለምስ፥ በኋላ ግን የዕድሜው ግስጋሴ ዝግ እንደሚል አሳይተዋል።

ማን ያውቃልን ያዩት ሐኪም «ከስምንት ዓመት አያንስም» አሉን። ታዲያ ይህ ለመባረር የሚያበቃ ነውን? አይደለም። ጥርሱ ስላለቀ ፍርፋሪው በውኃ እንዲርስለት፥ የደጋው ብርድ መገጣጠሚያውን ስለሚጎዳው ዝናብ በማይደርስበት ጥግ ጭድ እንዲነጠፍለት ያስገድዳል እንጂ። ክትባት ግን ለወጣቱም ለሽማግሌውም አይቀርም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውምና፥ ታሪኩ ያልታወቀ ውሻ ልጆች ሳይቀርቡት አስቀድሞ ይከተብ።

ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ባይገባም፥ ጦብያ ወደ ሩቅ አገር በሄደ ጊዜ ውሻው እንደ ተከተለው በመጽሐፈ ጦቢት ተጽፏል። ልጆቻችን «ስንት ዓመት ይቀረዋል?» እያሉ ይጠይቁናል። የቀረውን ዘመን ፈጣሪ ያውቃል፤ እኛ ግን የማታውን ፍርፋሪ ተራ በተራ እንዲያቀርቡለት አዘናቸዋል፤ ለደከመ መራራትን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከደጃቸውም ይማሩ ዘንድ።