ታክሲ ውስጥ የሚያስፈራው ስልክ የማን ነው?

በሥራ መግቢያ ሰዓት አንድ ሚኒባስ ሲሞላ በውስጡ ከተሳፋሪው ቁጥር የማያንስ ስልክ ይኖራል። አንዳንዱ ሁለት ይይዛል። አንዱ ያወራል፣ አንዱ ቲክቶክ ያያል፣ ሌላው ቴሌግራም ያነባል። መስኮቱ ዝግ ነው፤ አካሉ ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ “ይሄ ሁሉ ሞገድ የት ይሄዳል?” ብሎ መጠየቅ ሞኝነት አይደለም።

ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ጥያቄውን ያነሳችው ነፍሰ ጡር ሴት ነበረች። አጠገቧ የተቀመጠውን ወጣት “ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ስልኩን ወደዚያኛው እጅህ ብታደርግልኝ? ለልጁ ፈርቼ ነው” አለችው። ወጣቱ ሳቀ። “እህቴ፣ በዚህ ቢሆን ኖሮ የአዲስ አበባ ሰው እስካሁን አልቆ ነበር” አላት። ከኋላ ያሉትም ተከትለው ሳቁ። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ሆዷ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች። የራሷ ስልክ ያለው እዚያው ቦርሳ ውስጥ ነው።

ሳቅ መልስ አይሆንም። ይህንኑ ጥያቄ እ.አ.አ በ2002 በጃፓን የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተመራማሪ የሆነው ሱዮሺ ሆንዱ በጥናት መልክ አቅርቦት ነበር። የባቡር ፉርጎ ብረት ስለሆነ ሞገዱ እየነጠረ ይደማመራል፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ስልክ ከተጠቀመ ዓለም አቀፉ የደኅንነት ገደብ ሊታለፍ ይችላል የሚል ስሌት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ከፊንላንድ የመጣ ሌላ ስሌት ደግሞ በተለመደው ሁኔታ ገደቡ ይታለፋል ተብሎ አይጠበቅም አለ። በእርግጥም ፉርጎ ባዶ ሳጥን አይደለም። የተሳፋሪው አካል ከሞገዱ ይውጣል፣ በመስኮትም ያመልጣል።

ከስሌት ይልቅ ልኬት ይሻላል። በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ 166 ፈቃደኞች ለአንድ ሳምንት መለኪያ ይዘው ዞሩ፤ ውጤቱ እ.አ.አ በ2009 ታተመ። ከተለኩት ቦታዎች አንደኛ የወጣው ባቡር ነው፤ በአማካይ በካሬ ሜትር 1.16 ሚሊዋት። በትራምና በአውቶቡስ 0.36 ሆነ። እንግዲህ ትራንስፖርት ውስጥ ሞገድ ይበዛል የሚለው ጥርጣሬ መሠረት አለው። ነገር ግን በ900 ሜጋኸርዝ ለሕዝብ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ገደብ በካሬ ሜትር 4.5 ዋት፣ ማለትም 4,500 ሚሊዋት ነው። የባቡሩ ልኬት የገደቡን አንድ ሦስት ሺህኛ እንኳ አይሞላም። ገደቡ የተሠራውም በደንብ የሚታወቀውን የዚህ ሞገድ ውጤት፣ ማለትም ሰውነትን ማሞቁን፣ ለመከላከል ነው።

በየግሩፑ የሚዘዋወረው ማስፈራሪያ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሰው እ.አ.አ በ2011 የተሰጠውን ምደባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የሬዲዮ ሞገድን ያኔ “ካንሰር ሊያስከትል ይችል ይሆናል” በሚለው 2ቢ ምድብ አስገብቶታል። ምድቡ የሚናገረው ስለ ማስረጃው ጥንካሬ ነው፤ አደጋው ምን ያህል እንደሆነ አይለካም። እ.አ.አ በ2024 በዚሁ ድርጅት ጥያቄ የተሠራ ግምገማ 63 ጥናቶችን ፈትሾ ስልክ መጠቀምን ከአንጎል ካንሰር ጋር የሚያገናኝ ነገር አላገኘም።

አሁንም የሚጨነቅ ሰው ካለ መላው ከጎረቤቱ ይልቅ ከራሱ ስልክ ይጀምራል። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የሞገዱ ጉልበት ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ጆሮ ላይ የተለጠፈ የራስ ስልክ፣ ሁለት ወንበር ርቆ ከሚያወራ ሰው ስልክ እጅግ ይበልጣል። በኢርፎን ማውራት፣ ስልኩንም ከሰውነት ትንሽ ማራቅ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሁለተኛው ነገር ብዙዎች የማይጠብቁት ነው። ኔትወርክ ሲደክም ስልክ ዝም አይልም፤ ማማውን ለማግኘት ጉልበቱን ይጨምራል። ሰፈሬ ውስጥ አንቴና አይተከል ብሎ የሚሟገት ነዋሪ፣ ማማው ሲርቅለት የኪሱ ስልክ ይበልጥ ይለፋል። የፈራው ሞገድ ወደ ጆሮው ቀረበ ማለት ነው።

በታክሲ ውስጥ ከሁሉ በላይ ሊያስፈራ የሚገባው ስልክ ግን በሾፌሩ እጅ ያለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እያሽከረከረ ስልክ የሚጠቀም ሰው አደጋ ላይ የመውደቅ ዕድሉ ከማይጠቀመው አራት እጥፍ ገደማ ነው። እዚህ ላይ ምንም ዓይነት የጨረር ክርክር የለም። ሆኖም ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ስልክ ይዞ ቁልቁለቱን ሲወርድ “ወንድሜ፣ ስልኩን አስቀምጠው” የሚል ተሳፋሪ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ፍርሃትን በሳቅ ማባረር አይቻልም፤ ቁጥር ይፈልጋል። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ባለሙያዎች መለኪያ ይዘው በሥራ ሰዓት በታክሲ፣ በአንበሳ አውቶቡስና በቀላል ባቡሩ ቢሳፈሩ፣ ውጤቱንም ከገደቡ ጎን አስቀምጠው ማንም በሚገባው አማርኛ ቢለጥፉት፣ ሥራው ከጥቂት ቀናት አያልፍም። ዝቅተኛ ከሆነ ሕዝቡ ያርፋል። ከፍ ካለም ቀድሞ ማወቅ ያለበት የሚሳፈረው ሰው ነው።