በአባቴ ካሴት ላይ

አባቴ አሥራ አንድ ካሴቶች ነበሩት። ቁጥራቸውን እስከ ዛሬ የማልረሳው፣ እሑድ እሑድ ከመሳቢያው አውጥቶ በንጹሕ ጨርቅ አንድ በአንድ ሲወለውላቸው አጠገቡ ተቀምጬ እቈጥር ስለ ነበረ ነው። የጥላሁን ገሠሠ ሦስት፣ የማሕሙድ አሕመድ ሁለት፣ የዓሊ ቢራ ሁለት፣ ሌሎችም። በሊሙ ገነት በእነዚያ ዓመታት ቴፕ ሪኮርደር ወደ አንድ ቤት የሚገባው ብዙውን ጊዜ ቡናው ደኅና ዋጋ ባወጣበት ዓመት ነበርና፣ ቴፑም ካሴቱም በቤተ ሰቡ ዘንድ ክብር ነበራቸው። አሥራ አንደኛው ካሴት ግን ስም አልተጻፈበትም።

ይህ ስም የለሽ ካሴት፣ አባቴ አኮርዲዮን ይጫወትበት የነበረው የአውራጃው የኪነት ጓድ አንድ ምሽት ሲለማመድ የተቀዳበት ነበር። አንባቢ እንደሚያስታውሰው፣ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር ኪነት ያልተቋቋመበት ሥፍራ አልነበረም ማለት ይቻላል። የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ ስማቸው በአገር ታወቀ፤ የእኛ ጓድ ከከፋ ክፍለ ሀገር ወሰን ወጥቶ አያውቅም። በካሴቱ ላይ የነበረው ዘፈን ስለ ቡና ለቀማ ነው። ግጥሙ የጊዜው ግጥም ነበር፤ ምርት፣ ዘመቻ፣ ወደፊት የሚሉት ቃላት ይመላለሱበታል። ቤት ለመምታት ሲባል ብቻ የገቡ ስንኞች እንደ ነበሩበትም፣ በግጥም የምተዳደር ሰው ነኝና ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ዜማው ግን የጓዱ ድርሰት አልነበረም። ሴቶች ቅርጫት በወገባቸው አስረው ቀዩን ፍሬ ሲለቅሙ በኦሮምኛ የሚቀባበሉት ዜማ ነበር፤ አንዷ ታወጣለች፣ ከሚቀጥለው ዛፍ ሥር ሌላዋ ትቀበላለች። አባቴና ጓደኞቹ ያን ዜማ ወስደው የአማርኛ መፈክር አለበሱት።

በ1984 ዓ.ም. ዕድሜዬ አሥራ ሦስት ነበር። መንግሥት ከተለወጠ አንድ ዓመት ገደማ ሆኖት፣ በኪነት ልብስ የተነሡት ፎቶግራፎች ከግድግዳ ይወርዱ የነበረበት ጊዜ ነው። የክፍል ጓደኛዬ ከጅማ ያመጣውን የአስቴር አወቀን ካሴት ለአንድ ሌሊት አዋሰኝ፤ ባዶ ካሴት መግዣ አልነበረኝም። በካሴቱ ላይ ያለው እንዳይጠፋበት የፈለገ ሰው ከጀርባ ያለችውን ትንሽ ጥርስ ይሰብራል፤ አባቴም ሰብሮ ነበር። እኔ ግን በቀዳዳዋ ላይ ፕላስተር ለጠፍሁና በጎረቤት ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ቀዳሁበት። ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው ብዬ፤ እንዲያውም ለቤታችን ክብር ያሰብሁ መስሎኝ ነበር።

እሑድ አባቴ ካሴቱን ሲያስገባው የአስቴር ድምፅ ወጣ። እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያም «ጥሩ ድምፅ አላት» አለና ወደ ቦታው መለሰው። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አንሥቶብኝ አያውቅም፤ እኔም ይቅርታ አልጠየቅሁትም።

ልጅ የአባቱን ዘፈን መናቅ በእኔ አልተጀመረም። አባቴ ራሱ በወጣትነቱ ሳክስፎንና የኤሌክትሪክ ጊታር ያለበትን ሸክላ ሲያጫውት፣ አያቴ ተነሥተው በረንዳ ላይ ይቀመጡ ነበር አሉ። ያ ሸክላም ቢሆን በእልህ የወጣ ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለአገር ፍቅር ማኅበር ተሰጥቶ ሳለ፣ አምሐ እሸቴ የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 አገር እስኪለቅም ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አወጣ። ከእርሱ ጋር ከሠሩት አንዱ ሙላቱ አስታጥቄ ነው። ሙላቱ የተወለደው በ1936 ዓ.ም. እዚሁ ጅማ ነው፤ እኔ ግን ከጅማ ሥር አድጌ ይህን የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ካዘጋጃቸው የ«ኢትዮፒክስ» ሲዲዎች አራተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው፣ በሰው ቤት ሲጫወት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» ሙዚቃውን በዓለም አሰማው። የገዛ ዜማችንን ባሕር ተሻግሮ ሲመለስ ተቀበልነው። ይህ የሆነው በሸክላ ተቀርፆ ስለ ቈየ ነው፤ አንዱ ትውልድ ጀርባውን ቢሰጠው ሌላው ያነሣዋል። በአባቴ ካሴት ላይ የነበረው ግን ሌላ ቅጂ አልነበረውም። መፈክሩን የደመሰስሁ መስሎኝ የሴቶቹን ዜማ አብሬ ደመሰስሁ። ለቀማው ዛሬም አለ፤ ባለፉት ዓመታት በየቡናው ሥር ባለፍሁ ቁጥር የሰማሁት ግን ከለቃሚዎቹ ኪስ የሚወጣውን የስልክ ዘፈን ነው።

ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የምታዳምጠው ከሞላ ጎደል በኦሮምኛ ነው። የሃጫሉ ሁንዴሳን «ማላን ጅራ» በቃሏ ትወጣዋለች፤ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በተገደለ ጊዜ ገና ልጅ ነበረች፣ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም። ይህን ሁሉ እረዳለሁ። ድምፅ በመሣሪያ የሚቃናባቸውን አዳዲሶቹን ዘፈኖች ግን አልወድም፤ ድምፃውያኑ ሁሉ አንዲት እናት የወለደቻቸው ይመስሉኛል። አንድ ቀን ይህንኑ ስነግራት፣ «አባባም ስለ አንተ ዘፈን እንዲህ ይሉ ነበር?» አለችኝ። አይልም ነበር።

ያን ዕለት ስለ ካሴቱ ነገርኋት። ባለፈው ታኅሣሥ ሊሙ ገነት እንደ ደረስን፣ እርሷ ስልኳን በአያቷ ፊት ጠረጴዛ ላይ አኖረችና «ያን ዘፈን ይዝፈኑልኝ» አለች። እርሱ ወደ እኔ አላየም። በአማርኛው ግጥም ጀመረ፤ «ወደፊት» ላይ ሲደርስ ልጄ ሳቀች፣ እርሱም ሳቀ። «የሴቶቹን፣ በኦሮምኛ» አለችው። ዐይኑን ጨፍኖ ሁለት ስንኝ አወጣና ተቀባይዋ በምትገባበት ቦታ ላይ ቆመ። ጠበቀ። ከመካከላችን የሚያውቀው አልነበረም።

ቅጂው አንድ ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ ነው። ከዚያ ውስጥ የሚበዛው የጓሮው ዶሮና የእናቴ የሲኒ ድምፅ ነው።