1080 ቲአይ ከ4060 ጋር ሲመዘን

የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ ዋጋው 699 ዶላር ነበር። አርቲኤክስ 4060 በ2023 በ299 ዶላር መጣ። በብዙ ጨዋታዎች ፍጥነታቸው ተቀራራቢ ነው፤ አዲሱ ትንሽ ቢቀድም ነው እንጂ ጥሎት አይሄድም። ስድስት ዓመት ተጠብቆ ይሄ ብቻ? የሚል አይጠፋም። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው የመብራት ፍጆታውን ነው፤ አሮጌው እስከ 250 ዋት ሲበላ አዲሱ በ115 ዋት ይሠራል። ክፍሉን እንደ ምድጃ የሚያሞቅ ካርድ ያለው ሰው ልዩነቱ ይገባዋል።

ሜሞሪ ላይ ሲደረስ ግን አዲሱ ያሳፍራል። ከ11 ጊጋባይት ወደ 8 መውረድ፣ የሜሞሪውን መተላለፊያም ከ352 ቢት ወደ 128 ማጥበብ! ካሽ ሜሞሪውን አስፍተው ሊያካክሱት ሞክረዋል (ደግሞም ብዙ ጊዜ ይሠራል)፤ ከባድ ቴክስቸር ሲመጣ ግን 8 ጊጋ ያው 8 ጊጋ ነው።

አሮጌውን የሚጥለው ፍጥነቱ አይደለም። ሬይ ትሬሲንግን (የብርሃንን ጉዞ አስመስሎ የሚስለውን ዘዴ) በሃርድዌር ስለማይደግፍ በ2024 መጨረሻ የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጨዋታ ጭራሽ አይነሳለትም። ምስሉን በአነስተኛ ጥራት ሠርቶ በኤአይ የሚያሳድገው ዲኤልኤስኤስም የለውም። የቆዩ ጨዋታዎችን ብቻ ለሚወድ ሰው ግን፣ በርካሽ ከተገኘ፣ ዛሬም 1080 ቲአይን ግዛ እለዋለሁ።